ሥዕልን አይቶ መቅዳት ስርቆት ነውን?

የሥዕል ተማሪ የቀደሙትን ሊቃውንት ሥራ እያየ ሲቀዳ የሚነቅፉ ሰዎች አሉ። «የሌላውን ሥራ የለመደ እጅ የራሱን አያፈልቅም፤ ተማሪው ተፈጥሮን ብቻ ይመልከት» ይላሉ። ነገሩ ሲሰሙት ያምራል፤ ሲመረምሩት ግን መሠረት የለውም። በእኛ አስተያየት ይህ ምክር ተማሪውን ነጻ የሚያወጣ መስሎ ያለ መምህር የሚያስቀር ነው። ለዚህም የኢጣልያ ከተማ ፍሎረንስ ምስክር ትሁነን። ዓመታቱን የምንጠቅሰው እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በ1422 ዓ.ም. በዚያች ከተማ የካርሚኔ ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ ቤቱ ተከበረ። በ1401 ተወልዶ በ1428 ሀያ ሰባት ዓመት ሳይሞላው የሞተው ሠዓሊ ማሳቾ ይህን በዓል በገዳሙ ውስጠኛ ግቢ ግድግዳ ላይ በአረንጓዴ አፈር ቀለም ሣለው። የሠዓሊዎችን ታሪክ የጻፈው ቫዛሪ እንደሚነግረን፣ በሥዕሉ ላይ ብዙ የከተማው ሰዎች በየመልካቸው ይታዩ ነበር፤ ብሩኔሌስኪና ዶናቴሎም ከመካከላቸው ነበሩ። ሰዎቹ በአደባባዩ ላይ አምስት አምስት፣ ስድስት ስድስት እየሆኑ ተሰልፈው ከዓይን በራቁ መጠን እያነሱ ይሄዱ ነበር፤ እንዲህም ሲሆን አጭሩና ወፍራሙ ከረጅሙና ከቀጭኑ ይለይ ነበር።

ታዲያ ይህ ሥዕል ዛሬ ወዴት አለ? በ1600 ገደማ ግቢው እንደ ገና ሲሠራ ጠፋ። ከጽሑፍ ምስክርነት በቀር ስለ መልኩ የምናውቀው፣ ሊማሩበት መጥተው የቀዱት ሰዎች በተዉልን ንድፎች ነው። በቪየና በአልቤርቲና ቤተ መዘክር የሚገኘው፣ ከባድ ካባ የለበሱ ሰዎች ቆመው የሚታዩበት የሚኬላንጄሎ ንድፍም ከዚሁ ሥዕል የተቀዳ ነው ብለው የሚያምኑ ሊቃውንት አሉ። እንግዲህ ቀጂውን ሌባ የሚሉት ይመልሱልን፤ ባለቤቱ ያጣውን ጠብቆ ያቆየ ሌባ ከቶ ወዴት ታይቷል?

ሚኬላንጄሎ በወጣትነቱ በዚያው ቤተ ክርስቲያን በብራንካቺ ጸሎት ቤት ማሳቾ ከሣለው የግብር ሥዕል ቅዱስ ጴጥሮስን ነጥሎ ቀድቷል፤ ንድፉ ዛሬ በሙኒክ ይገኛል። ኋላ የሲስቲናን ጣሪያ የሣለው እጅ ይኸው እጅ ነው። መቅዳት የፈጠራን ኃይል የሚገድል ቢሆን ኖሮ የእርሱን በገደለ ነበር።

«ተፈጥሮ ትበቃለች» ለሚሉትም መልስ አለን። በ1400 ገደማ የሥዕልን ሙያ በመጽሐፍ ያስተማረው ቼኒኖ ቼኒኒ፣ ከመሪዎች ሁሉ የምትበልጠው ተፈጥሮ መሆንዋን እየመሰከረ፣ ተማሪው አንድ ታላቅ መምህር መርጦ ሥራውን ዕለት ዕለት እንዲቀዳ ይመክራል፤ ዛሬ አንዱን ነገ ሌላውን የሚከተል ግን የማንኛቸውንም መንገድ አይይዝም ይላል። ሁለቱ ትምህርቶች ይደጋገፋሉ እንጂ አይጣሉም።

ለመቅዳትም ብዙ ሰዎችን በአንድነት የያዘ ሥዕል ይሻላል እንላለን። አንድ ፊት የሚቀዳ ዓይንና አፍንጫን ይማራል፤ ማኅበርን የሚቀዳ ግን ሰው ከሰው አጠገብ እንዴት እንደሚቆም ይማራል። በማሳቾ የግብር ሥዕል በሜዳው ላይ የቆሙት ሰዎች ራሳቸው በአንድ መስመር ገደማ ሲሆን፣ የቅርቡ ሰው እግር ዝቅ፣ የሩቁ ከፍ ብሎ ይታያል። ይህን ሕግ በቃል የሰማ ተማሪ ይረሳዋል፤ በቅጂው ላይ ሐዋርያው በአየር ተንሳፎ ያየ ተማሪ ግን ከቶ አይረሳውም። ቫዛሪም ማሳቾን ያመሰገነው፣ የቀደሙት ሠዓሊዎች በጣት ጫፍ የቆሙ አስመስለው ይሥሏቸው የነበሩትን ሰዎች እርሱ በሙሉ እግራቸው መሬት አስረግጦ ስላቆማቸው ነው።

ይህንም ስንል ስስ ወረቀት ደርቦ መስመሩን ብቻ የሚከተለውን፣ ወይም ቅጂውን የራሱ ፈጠራ ነው ብሎ የሚሸጠውን መደገፋችን አይደለም። የመጀመሪያው ዓይኑን አልሠራበትም፤ ሁለተኛው በእውነት ሰርቋል። እውነተኛ ቀጂ በእያንዳንዱ መስመር ላይ «ይህ ስለምን እዚህ ሆነ?» እያለ ይጠይቃል፤ በሥራውም ላይ የመምህሩን ስም ከራሱ ስም አስቀድሞ ይጽፋል።

ስለዚህ የሥዕል መምህራን ተማሪዎቻቸውን ከቀደሙት ሥራዎች ፊት ያስቀምጧቸው፤ ተማሪዎቹም በመቅዳታቸው አይፈሩ። የሚያሳፍረው ከሊቅ መማር ሳይሆን፣ ሳይማሩ ሊቅ ነኝ ማለት ነውና።