ማስታገሻው ሕመሙን ዝም ያሰኛል፤ በሽታውን ግን አያቆመውም!

ዛሬ ጠንከር አድርጌ እጽፋለሁ። የሚከፋው ቢኖርም የብዙ እናቶችና እህቶች እጅ እየተጣመመ ዝም ማለት አይቻልም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሴትዮዋ ጠዋት ስትነሳ ጣቶቿ አልታጠፍ ይሏታል። ሊጥ ማቡካት፣ ጀበና ማንሳት፣ የልጇን ልብስ መቆለፍ ያቅታታል። አንዱ ጎረቤት "ብርድ ነው" ይላታል፤ ሌላው "ሪህ ነው፣ ሥጋ ተዪ" ይላታል። ያለ ሐኪም ማዘዣ ክኒን ትገዛለች። በሁለተኛው ቀን ይሻላታል፣ ክኒኑ ሲያልቅ ይመለስባታል፣ ደግማ ትገዛለች። ዓመት ያልፋል፣ ሁለት ዓመት ያልፋል። ሐኪም ዘንድ ስትደርስ ጣቶቿ ወደ ጎን ዞረዋል። ይህ ዕድል አይደለም! በጊዜ ቢታከም አብዛኛውን ማስቀረት የሚቻል ጉዳት ነው።

👉 በሽታው ምንድን ነው?

ሩማቶይድ አርትራይተስ ይባላል። ከጀርም ሊጠብቀን የተሠራው የሰውነታችን መከላከያ ተሳስቶ የገዛ መገጣጠሚያችንን ሲያጠቃ የሚመጣ ነው። የመገጣጠሚያው ውስጠኛ ሽፋን ይቆጣል፣ ያብጣል፤ ካልታከመ አጥንቱን ቀስ በቀስ ይበላዋል። ሴቶችን ከወንዶች ከ2 እስከ 3 እጥፍ ያጠቃል። የአሮጊቶች በሽታ ብቻም አይደለም፤ ወጣቶችንም ይይዛል።

እነዚህን ልብ በሉ፦
✅ ጠዋት ጠዋት ከ30 ደቂቃ በላይ፣ አንዳንዴም ከሰዓት በላይ የሚቆይ የመገጣጠሚያ መተሳሰር
✅ የእጅ ጣቶች፣ የእጅ አንጓ ወይም የእግር ጣቶች መገጣጠሚያ እብጠት
✅ ብዙ ጊዜ በግራም በቀኝም መሆኑ
✅ ከ6 ሳምንት በላይ መቆየቱ
✅ ድካም፣ የምግብ ፍላጎት መቀነስ፣ የደም ማነስ

👉 "ብርድ ነው"፣ "ሪህ ነው"

ብርድ ሕመሙን ሊያባብሰው ይችላል፤ አጥንት ግን አይበላም። ሪህ ደግሞ ሌላ በሽታ ነው። ዩሪክ አሲድ በመገጣጠሚያ ውስጥ ሲጠራቀም ይመጣል፤ ብዙ ጊዜ በድንገት፣ በተለይም በእግር አውራ ጣት ላይ ይነሳል። ለሪህ ታማሚ ሥጋ መቀነስ ሊጠቅም ይችላል። ሩማቶይድ ያለባት ሴት ግን ሥጋ ስለተወች በሽታዋ አይቆምም። እንዲያውም የደም ማነስ ካለባት ይበልጥ ትዳከማለች። በየወሩ የሚወጋው ፔኒሲሊንም በስም ለሚመሳሰለው ለሩማቲክ የልብ ሕመም እንጂ ለዚህ አይደለም።

"ደሜ ተመርምሮ ነጻ ነው ተባልኩ" የምትሉም አላችሁ። ሩማቶይድ ፋክተር የሚባለው ምርመራ ከ10 ታማሚዎች በ2ቱ ወይም በ3ቱ ላይ ላይታይ ይችላል። ያበጠ መገጣጠሚያ ይዞ በአንድ ወረቀት ብቻ "ነጻ ነኝ" ብሎ መተኛት አይገባም።

👉 ያ "ተአምረኛ" ክኒን

ብዙ ጊዜ ዳይክሎፌናክ ነው፤ ወይም ፕሬድኒሶሎንና ዴክሳሜታሶንን የመሰለ ስቴሮይድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 ፊሊፕ ሄንች የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም ለዚህ በሽታ የመጀመሪያውን ኮርቲሶን ሲሰጡ፣ መንቀሳቀስ አቅቷት የነበረች ታማሚ በቀናት ውስጥ ተራመደች። በ1950 የኖቤል ሽልማት አስገኘ። ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። መድኃኒቱ ሲረዝም የሚያስከፍለው ዋጋ ታየ፦ የፊት ማበጥ፣ ደም ግፊት፣ ስኳር፣ የአጥንት መሳሳት፣ የዓይን ሞራ፣ ሳንባ ነቀርሳን ጨምሮ ለኢንፌክሽን መጋለጥ። ዓለም ይህን ካወቀ ከ70 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ እኛ ግን ዛሬም እንደ ከረሜላ እንገዛዋለን! ዳይክሎፌናክም ቢሆን ሲዘወተር ጨጓራ ያደማል፣ ኩላሊት ይጎዳል።

ስቴሮይድ መርዝ ነው እያልኩ አይደለም። በሐኪም እጅ፣ በአነስተኛ መጠን፣ ዋናው መድኃኒት እስኪሠራ ድረስ ጥሩ መሸጋገሪያ ነው። ስህተቱ ድልድዩን ቤት ማድረጉ ነው። ⚠️ ለሳምንታት ስትወስዱ ከቆያችሁ ግን በድንገት አታቁሙት፤ አደገኛ ነው። ሐኪም ቀስ በቀስ ይቀንስላችሁ።

👉 "ሜቶትሬክሴት የካንሰር መድኃኒት ነው፣ አልወስድም"

በሽታውን ራሱን ከሚያዳክሙት መድኃኒቶች ቀዳሚው ይህ ነው። አዎ፣ ለካንሰርም ያገለግላል፤ ያኔ ግን መጠኑ እጅግ ከፍ ያለ ነው። ለሩማቶይድ በአብዛኛው ከ7.5 እስከ 25 ሚሊ ግራም፣ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ይሰጣል። የሚገርመው፣ ይህን የሚፈራ ሰው ዴክሳሜታሶንን ለዓመታት ያለ ፍርሃት ይውጣል!

መታወቅ ያለበት፦
✅ በየቀኑ አይወሰድም! በየቀኑ መውሰድ ሕይወት ያሳጣል። ቀኑ ቅዳሜ ከሆነ ሁሌም ቅዳሜ ይሁን።
✅ ለመሥራት ከ6 እስከ 12 ሳምንት ይፈልጋል። "በሳምንቱ አልሠራም" ብላችሁ አትተዉት።
✅ ፎሊክ አሲድ አብሮ ይታዘዛል፤ የጎንዮሽ ጉዳቱን ይቀንሳል።
✅ የደም፣ የጉበትና የኩላሊት ምርመራ በየጊዜው ያስፈልጋል። አልኮል ይወገድ፤ ኮትሪሞክሳዞል አብሮ አይወሰድ።
✅ በእርግዝና ጊዜ ፈጽሞ አይወሰድም። ለመውለድ ካሰባችሁ አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ እንደ ሃይድሮክሲክሎሮኪንና ሰልፋሳላዚን ያሉ አማራጮች አሉ።

"ስፔሻሊስት የት አለ? ገንዘቡስ?" ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፣ የሩማቶሎጂ ሐኪሞች ጥቂት ናቸው። ነገር ግን የውስጥ ደዌ ሐኪምም ሕክምናውን መጀመር ይችላል። ሜቶትሬክሴትም የቆየ መድኃኒት ነው፤ ከአዳዲሶቹ መርፌዎች ጋር ሲነጻጸር ዋጋው በጣም ዝቅ ያለ ነው። ውድ የሚሆነው የጠፋው እጅ ነው፤ የተጣመመ ጣት በክኒን አይቀናም።

ለሙያ ባልደረቦቼም አንድ ቃል አለኝ። ያለ ማዘዣ ስቴሮይድ መሸጥ፣ ያበጠ መገጣጠሚያ ሳይዳስሱ ማስታገሻ ጽፎ መሸኘት፣ "በሳምንት አንዴ" የሚለውን ሳያስረዱ ሜቶትሬክሴት ማስያዝ ይቁም!

እናንተ ደግሞ መድኃኒት ሲሰጣችሁ ይህን ጠይቁ፦ "ይህ በሽታውን ያቆመዋል ወይስ ሕመሙን ብቻ ነው የሚያስታግሰው?" መልሱ "ሕመሙን ብቻ" ከሆነ ቀጥላችሁ "ታዲያ የሚያቆመው የቱ ነው?" በሉ። ይህን መጠየቅ ድፍረት አይደለም፤ መብታችሁ ነው።

ጠዋት ጠዋት ጣቷን የምታሻሽ እናት፣ እህት ወይም ጎረቤት ካለቻችሁ ይህን አንብቡላት፤ ለሌሎችም ሼር አድርጉ። መልካም ጤና!