የሞተ ልጅ አንገቱ ረዥም ነው

«የሞተ ልጅ አንገቱ ረዥም ነው» ይላሉ አባቶቻችን። በሕይወቱ ሳለ ዘወር ብሎ ያላየው ሁሉ ከተቀበረ በኋላ መልኩንና ጠባዩን እያነሣ ያወድሰዋል ማለታቸው ነው። ይህ ተረት ለልቅሶ ቤት ብቻ የተነገረ እንዳይመስላችሁ፤ ለታላላቆቹ የዓለም ሙዚየሞችም ይሠራል። ለዚህ ምስክሬ ስዊድናዊቱ ሠዓሊ ሂልማ አፍ ክሊንት ናት። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሂልማ በ1862 ተወልዳ በ1944 ሞተች። በስቶክሆልም በንጉሣዊው የሥነ ጥበብ አካዳሚ ተምራ በ1887 ጨረሰች፤ የአገር ገጽታና የሰው መልክ እየሣለችም ትተዳደር ነበር። ከ1906 እስከ 1915 ግን «የመቅደሱ ሥዕሎች» ያለቻቸውን 193 ሥራዎች ሠራች። ከእነዚህ መካከል በ1907 የሣለቻቸው ዐሥር ሥዕሎች እያንዳንዳቸው ቁመታቸው ከሦስት ሜትር ይበልጣል። በእነርሱ ላይ የሚታየው ክብ፣ ጠመዝማዛ መስመር፣ አበባ የሚመስል ቅርጽ፣ ፊደልና ደማቅ ቀለም ነው። ካንዲንስኪ የረቂቅ ሥዕል አባት ያሰኙትን ሥራዎች የሠራው ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ነው።

«ታዲያ ራሷ ደብቃው ሳለ ዓለም ምን አጠፋ?» የሚል አይጠፋም። እርግጥ ነው፤ ዘመኗ እንደማይረዳት ስላመነች፣ ሥራዎቹ ከሞተች በኋላ እስከ 20 ዓመት ድረስ እንዳይታዩ አዝዛ ነበር። ነገር ግን 20 ዓመቱ በ1964 አለቀ። በ1970 ሥዕሎቹ ለስቶክሆልሙ ዘመናዊ ሙዚየም በስጦታ ቢቀርቡ ሙዚየሙ አልቀበልም አለ። በ1986 በሎስ አንጀለስ ከሌሎች ሠዓልያን ሥራ ጋር ጥቂቶቹ ታዩ። ሆኖም በ2012 የኒው ዮርኩ ዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም የረቂቅ ሥዕልን አጀማመር የሚያሳይ ትልቅ ኤግዚቢሽን ሲከፍት የእርሷ ሥራ አንድም አልነበረበትም። እንግዲህ የመጀመሪያው 20 ዓመት የእርሷ ፈቃድ ነው እንበል፤ የቀረውን ግማሽ ምዕተ ዓመት በማን እናሳብብ?

ምክንያቱን ስፈልግ ሦስት ነገር አገኛለሁ። አንደኛ፣ «ሥዕሉን ያሣሉኝ መናፍስት ናቸው» ትል ስለ ነበር ዳኞቹ ሸራውን ትተው ንግግሯን መዘኑ። ካንዲንስኪና ሞንድሪያንም በመንፈስ ምሥጢር ትምህርት የተሳቡ ሰዎች ነበሩ፤ ለእነርሱ ግን ይኸው ነገር «ጥልቅ ፍልስፍና» ተባለላቸው። ሁለተኛ፣ ሴት ነበረች። ሦስተኛ፣ እነዚህ ሥዕሎች ገበያ አልወጡም። ነጋዴ ያልተሻማበት፣ ሀብታም ሳሎኑ ውስጥ ያልሰቀለው ሥዕል የሚሟገትለት የለውም፤ የታሪክ መጽሐፍም ብዙ ጊዜ የሚጻፈው የገበያውን ዱካ እየተከተለ ነው።

በ2013 ያው የስቶክሆልም ሙዚየም ታላቅ ትርዒት አዘጋጀላት። ከ2018 እስከ 2019 በኒው ዮርኩ ጉግንሃይም ሙዚየም የታየውን ኤግዚቢሽንም ከ600,000 የሚበልጥ ሰው ጐበኘው። ደስ ይላል፤ ግን አንታለል። የሞተን ማመስገን ወጪ የለውም። ሙት መልስ አይሰጥም፣ ወንበር አይሻማም፣ ደመወዝ አይጠይቅም። እንዲህ ያለው ትርዒት የሠዓሊቱ ክብር ብቻ ሳይሆን የዳኞቹ ክስ መሆኑ ቢታወቅ ኖሮ፣ በሩ አጠገብ ካለው የሕይወት ታሪኳ ጐን «በ1970 እምቢ ያልነው በዚህ ምክንያት ነበር» የሚል ጽሑፍ ይለጠፍ ነበር።

ከዳኞቹ ይልቅ የሚያስመሰግነው የወንድሟ ልጅ ኤሪክ ነው። ሰውየው የባሕር ኃይል መኰንን እንጂ የሥዕል ሊቅ አልነበረም። ቢሆንም ከ1,000 የሚበልጡ ሥራዎችንና ከ20,000 ገጽ በላይ ማስታወሻ ሳይሸጥና ሳያቃጥል ጠበቀ። እርሱ ባይኖር ዛሬ የሚከፈት ኤግዚቢሽን፣ የሚጸጸትም ሙዚየም ባልኖረ።

ጓደኞቼ ሆይ፣ ይህን የማነሣው ስዊድኖችን ለመውቀስ አይደለም። እኛስ አንድ የክፍል ጓደኛችን ሥዕሉን ወይም ግጥሙን ይዞ ሲመጣ የምንጠይቀው ምንድን ነው? «ማን አመሰገነው? የት ታተመ? ምን ሽልማት አገኘ?» አይደለምን? ይህ ሥራውን ማየት ሳይሆን ደረሰኝ መጠየቅ ነው። የተማረ ሰው ዓይን የሌላውን ፊርማ ጠብቆ የሚያይ ከሆነ ከመጋረጃ በምን ይለያል?

ስለዚህ ሁለት ነገር እንልመድ። ስም ከመጠየቃችን በፊት ሥራውን እንመልከት፤ ካልገባንም፣ ሳንጥል እናስቀምጥ። ሁሉም ታላቅ ሆኖ አይገኝም፤ ብዙው ይረሳል፤ መረሳትም የሚገባው አለ። ግን ፍርዱ ከማየት በኋላ ይሁን። የሠዓሊው እጅ ገና ቀለም እንደ ነካ፣ «ይህን ለምን እንዲህ አደረግኸው?» ብንለው መልስ በሚሰጠን ጊዜ ግድግዳችንን እንክፈትለት። አንገቱ ረዥም መሆኑን ለመናገር እስኪሞት መጠበቅ የለብንም።