በሩ ይዘጋልን፣ ውሻው ይታሰርልን

የካቲት 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለድሬዳዋ አስተዳደር ከንቲባ ጽሕፈት ቤት
ድሬዳዋ

ጉዳዩ፦ በሰፈራችን ልቅ የተለቀቀ ተናካሽ ውሻ በቤተሰቦቻችን ላይ ስላደረሰው ጉዳት ትእዛዝ እንዲሰጥልን ስለመጠየቅ

ክቡርነትዎ፣

እኛ ስማችንና ፊርማችን ከዚህ ማመልከቻ ጋር በተያያዘው ወረቀት ላይ የሰፈረ ነዋሪዎች፣ በአንድ ጠባብ መንገድ ግራና ቀኝ የምንኖር፣ ከፊሎቻችን በእድር ከፊሎቻችን በአፎቻ ተሰባስበን ደስታና ሐዘን የምንካፈል የድሬዳዋ ሰዎች ነን። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 30 አቤቱታ የማቅረብ መብት ሰጥቶናልና፣ በጎረቤታችን ውሻ ምክንያት የደረሰብንን ጉዳት ለማስረዳትና መፍትሔ ለመለመን በታላቅ ትሕትና ደጅዎ ቆመናል። ከተማችን ከዚህ የከበደ ብዙ ጉዳይ እንዳለባት እናውቃለን። ሆኖም የውሻ ነገር ነው ተብሎ ከወረቀት ክምር ሥር እንዳይቀርብን አደራ እንላለን፤ የተነከሰው ልጅ ነው።

የጎረቤታችንን ስም በዚህ ጽሑፍ ውስጥ አላነሣንም፤ ከአድራሻቸው ጋር በአባሪው ላይ ይገኛል። ልናዋርዳቸው አልመጣንም። ውሻውን ያመጡት በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ሌባ አጥር ዘሎ ንብረታቸውን ከወሰደባቸው በኋላ ነው። ሌባው ሁላችንንም ያሠጋናል፤ ንብረትን ማስጠበቅም ነውር የለበትም። በደላችን የሚጀምረው ውሻው ከግቢው መውጣት ከጀመረበት ጊዜ ነው። የቆርቆሮ በራቸው መቀርቀሪያ ከተሰበረ ወዲህ አልተጠገነም። ውሻው ቀን በሩን ገፍቶ ይወጣል፤ ማታ ደግሞ እሳቸው ራሳቸው ይለቁታል። ስለዚህ መንገዱ የእኛ መሆኑ ቀርቶ የውሻው ሆኗል።

የመጀመሪያው ጉዳት የደረሰው በጥር 2016 ዓ.ም.፣ በጥምቀት ሰሞን ነው። ለሻይ ቤት ወተት እያቀረበች ልጆቿን የምታሳድግ ጎረቤታችን ወላድ ፍየሏ በደጃፏ ተነክሳ ሞተችባት። የውሻው ባለቤት በሽማግሌ ፊት ካሳ እከፍላለሁ ብለው ቃል ገቡ። ግማሹን ከፈሉ፤ ግማሹ እስከ ዛሬ ቀርቷል። እሷም ለጉርብትና ስትል ዝም አለች።

በመጋቢት 2016 ዓ.ም.፣ ረመዳን በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ ሁላችንም አባባ ብለን የምንጠራቸው አዛውንት ከተራዊሕ ሶላት ሲመለሱ ውሻው ከጨለማ ወጥቶ ዘለለባቸው። አልነከሳቸውም። ነገር ግን ሲሸሹ ድንጋይ ላይ ወድቀው የቀኝ እጃቸው አንጓ ተሰበረ። አጥንቱ ሲገጥም በትክክል ስላልገጠመ ዛሬም በዚያ እጅ ጀበና ማንሣት አይችሉም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሱብሒን በመስጊድ የሰገዱ ሰው ከዚያ ወዲህ በቤታቸው ይሰግዳሉ። ይህን ጉዳት በብር ልንተምነው አንችልም፤ እንዲመዘገብልን ግን እንለምናለን።

ከሁሉ የከበደው በግንቦት 2016 ዓ.ም. የሆነው ነው። ከመካከላችን የአንደኛው ቤተሰብ የሰባት ዓመት ልጅ ዳቦ ተልኮ ሲመለስ ውሻው ከኋላው ደርሶ ባቱን ነከሰው፤ ልጁ ሲወድቅ ክንዱንም ያዘው። ያስጣለው በዚያ ሲያልፍ የነበረ የባጃጅ ሹፌር ነው። ቁስሉ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ያህል መታጠብ እንዳለበት የምታውቅ ጎረቤት ስለነበረች እግዚአብሔር ይስጣት። ውኃ በፈረቃ የምናገኝ ሰዎች ነን፤ ያን ቀን ቧንቧው ደርቆ ነበርና ከየቤቱ ጀሪካን ተለቃቅሞ ልጁ ታጠበ።

ክቡርነትዎ እንደሚያውቁት የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚያድን መድኃኒት የለውም። ክትባቱ የሚጠቅመው ምልክቱ ሳይታይ በጊዜ ከተጀመረ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው በሽታው ወደ ሰው ከሚተላለፍባቸው አጋጣሚዎች 99 በመቶው በውሻ አማካይነት ነው፤ በብዛት የሚጠቁትም ከ5 እስከ 14 ዓመት የሆናቸው ልጆች ናቸው። የእኛው ልጅ ዕድሜ በዚያ መካከል ነው። በመጀመሪያ የተወሰደበት የጤና ተቋም ክትባቱ አልነበረውም። አባቱ የቀን ሥራውን ትቶ ልጁን ይዞ ሌላ ቦታ ሲፈልግ ዋለ፤ ክትባቱም የተጀመረው በማግስቱ ነው።

እዚህ ላይ ከንክሻው ይልቅ ያስመረረንን ነገር እንገልጻለን። የጤና ባለሙያው ውሻው ታስሮ ለ10 ቀን እንዲታይ አዘዘ። በእነዚያ ቀናት ጤነኛ ሆኖ ከቆየ፣ ሲነክስ በምራቁ ውስጥ በሽታው እንዳልነበረ ይታወቃል፤ የቤተሰቡም ጭንቀት ያበቃል። ወላጆቹ ይህን ለባለቤቱ ሊነግሩ ሲሄዱ ውሻው የለም። ገጠር ወዳለ ዘመድ ልኬዋለሁ አሉ። የውሻው የክትባት ወረቀት ይታየን ሲሏቸው ጠፍቷል አሉ። እንግዲህ ያ ሕፃን መርፌውን ሁሉ መጨረስ ግድ ሆነበት፤ የዓመቱ መጨረሻ ፈተናም አለፈው። በሽታው ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ ሦስት ወር፣ አንዳንዴም እስከ ዓመት ተደብቆ ሊቆይ እንደሚችል እናቱ ሰምታለች። ውኃ መፍራት ከምልክቶቹ አንዱ መሆኑንም ሰምታለች። ስለዚህ ልጇ ኩባያ ባነሣ ቁጥር ዓይን ዓይኑን እያየች ክረምቱን አሳለፈች። ውሻው በነሐሴ ወር ተመልሶ መጣ፤ ጤነኛ ነበር። ደስ ሊለን በተገባ ነበር፤ ነገር ግን ያን ሁሉ ጭንቀት በአንድ ሰንሰለትና በ10 ቀን ማስቀረት ይቻል እንደነበር ያወቅነው በዚያ ጊዜ ነው።

ከዚያ በኋላም አልቆመም። በኅዳር 2018 ዓ.ም. ከትምህርት ቤት ስትመለስ የነበረች ልጃገረድ ውሻው ሲያባርራት ወደ አስፋልቱ ሮጣ ከባጃጅ ጋር ተጋጭታለች። ጉልበቷ ተልጦ፣ ደብተሯ ተበትኖ በሕይወት ተርፋለች።

በቁጥር የማይገቡ ሌሎች ጉዳቶችም አሉ። ልጆቻችን በጎረቤታችን በር ላለማለፍ በደቻቱ ወንዝ አሸዋ ዞረው ወደ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። በበጋ ይህ ድካም ብቻ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ግን ደቻቱ ምን እንደሆነ ለድሬ ሰው አይነገርም፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ወገኖቻችንን ይዞ ሄዷል። ሰማዩ በእኛ ላይ ጥርት ብሎ ሳለ ከላይ ከደጋው የዘነበው ውኃ በድንገት ይደርሳል። ልጆቻችንን ከውሻ ለማዳን ወደ ጎርፍ መንገድ እየሰደድናቸው መሆኑን ስናስብ እንቅልፍ እናጣለን።

እንቅልፍ ካልን ደግሞ፣ በግንቦትና በሰኔ ሙቀት ቤት ውስጥ መተኛት እንደማይቻል እዚህ ያደገ ሁሉ ያውቃል። አባቶቻችን በግቢና በበረንዳ አልጋ ዘርግተው ያድሩ ነበር። አሁን ግን ውሻው ዝቅ ያለውን አጥር ስለሚዘል በራችንን ዘግተን በወበቅ እናድራለን። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ደግሞ ምራቁ ልብሳቸውን በነካ ቁጥር ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር፣ ማጠብ ሃይማኖታቸው ያዛቸዋል። ውኃ በጀሪካን እየተገዛ ይህ ምን ያህል እንደሚከብድ ክቡርነትዎ ይገምቱልን።

ትዕግሥት አላጣንም። በመጀመሪያ ሴቶቻችን ቡና አፍልተው የጎረቤታችንን ባለቤት ጠርተው በለሰለሰ ቃል ነገሯት። ቀጥሎ የእድሩና የአፎቻው ሽማግሌዎች አብረው ሄዱ። ጎረቤታችን በአክብሮት ተቀብለው፣ አዝነው፣ ውሻውን ቀን አስረዋለሁ በሩንም አሠራለሁ ብለው ቃል ሰጡ። ለጥቂት ሳምንታት ሰንሰለት አየን፤ ከዚያ ሰንሰለቱ ቀረ። ሽማግሌዎቹ እንደገና ሲሄዱ ‹ውሻ ካልተፈራ ለምን ይበላል?› የሚል መልስ ተሰጣቸው። ለበሩ መጠገኛ ገንዘብ እናዋጣ ብለን እስከ መጠየቅም ደርሰናል፤ አልተቀበሉንም።

ከዚህ በኋላ ነው ወደ መንግሥት የሄድነው። የአካባቢያችን አስተዳደር ከእንስሳት ሐኪም ደብዳቤ አምጡ አለን። የእንስሳት ጤና ባለሙያዎቹ ያለ አስተዳደሩ ደብዳቤ የሰው ግቢ መግባት አንችልም አሉን። ፖሊስ ቃላችንን ተቀብሎ መዘገበ፤ በኋላ ግን ጉዳዩ የፍትሐ ብሔር ነው፣ ፍርድ ቤት ሂዱ ተባልን። ሁሉም በትሕትና አነጋግረውናል፤ ሁሉም ወደ ሌላው ልከውናል። ማንኛቸውንም ለመክሰስ አልመጣንም። ከእነርሱ በላይ ያለ አንድ ቃል ግን ሁሉንም ሊያንቀሳቅስ ይችላል ብለን ስለምናምን ወደ ክቡርነትዎ ወጣን።

ሕጉ ከእኛ ጋር መሆኑን የሕግ አዋቂ አስረድቶናል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ እንስሳው በድንገት ቢያመልጠው እንኳ፣ ጉዳቱንም አስቀድሞ መገመት ባይችል እንኳ። ለእኛ ጎረቤት ግን አስቀድሞ ተነግሯቸዋል። ይኸው ሕግ በቁጥር 1225 ባለንብረት ጎረቤቱን እንዳያውክና እንዳይጎዳ ይከለክላል። የወንጀል ሕጉም በአንቀጽ 559 በቸልተኝነት የሰው አካል መጉዳትን ያስቀጣል። ታዲያ ለምን ፍርድ ቤት አልሄዳችሁም ቢሉን፣ የጉርብትና መንገድ ሳይሞላ ክስ መመሥረት በእኛ ዘንድ ነውር ስለሆነ ነው። አሁን ግን ትዕግሥታችን መብታችንን እየበላው ነው። የካሳ ክስ ጉዳቱ በደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ እንዳለበት ቁጥር 2143 ይደነግጋል። የአባባ ጊዜ በሚቀጥለው ወር፣ የልጁ ደግሞ በመጪው ግንቦት ያልፋል።

ካሳ ደግሞ ለእኛ ሁለተኛ ነገር ነው። ካሳ ለፍየል ይበቃል። ያልተከተበ ውሻ ነክሶት የታመመን ልጅ የሚመልስ ካሳ የለም፤ ስለዚህ ለእኛ የሚጠቅመን ሕግ ከንክሻው በፊት የሚደርስልን ነው።

ስለዚህ ክቡርነትዎን የምንለምነው ይህን ነው። የእንስሳት ጤና ባለሙያ ከፖሊስ ጋር ወደ ጎረቤታችን ግቢ ሄዶ ውሻውን እንዲመረምር፣ የተከተበበት ማስረጃ ከሌለም በባለቤቱ ወጪ እንዲከተብ፤ በሩ ተጠግኖ፣ ውሻው ቀን በሰንሰለት ሌሊት በተዘጋ ግቢ ውስጥ ብቻ እንዲውልና እንዲያድር፣ ከግቢ ሲወጣም አፉ ታስሮ በሰው እጅ እንዲያዝ፣ ቀን ተቆርጦ ጎረቤታችን በጽሑፍ እንዲታዘዙ፤ ትእዛዙ ካልተፈጸመ ምን እንደሚከተል በዚያው ወረቀት ላይ እንዲገለጽ። በቃል የተሰጠውን ሁሉ ሞክረነዋልና ጽሑፍ እንዲሆን አጥብቀን እንለምናለን። እንዲሁም ፖሊስ የመዘገበው ቃላችንና የሕክምና ማስረጃዎቹ ግልባጭ በእነዚህ ሳምንታት እንዲሰጠን፣ ጠበቃ የመቅጠር አቅም ለሌላቸው ለልጁ ወላጆችና ለአዛውንቱም ነጻ የሕግ ድጋፍ እንዲመቻችላቸው እንጠይቃለን።

አንድ ነገር እንዳይሳሳትብን እንፈልጋለን። ውሻው ይገደል አላልንም። በየከተማው እንደሚደረገው ሌሊት መርዝ ተበትኖ በማግስቱ ሬሳ መንገድ ላይ እንዲታይም አንሻም፤ መርዙን ልጅም ፍየልም ያነሣዋል፣ የሞተውን ውሻ ቦታም ያልተከተበ ሌላ ውሻ ይይዘዋል። ከውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ የበሽታው መተላለፍ እንደሚቋረጥ ባለሙያዎች ይናገራሉ። በቀፊራ ገበያ ዙሪያና በደቻቱ ዳር ባለቤት የሌላቸውን ውሾች ለምናይ ሁሉ፣ አስተዳደሩ ዓመታዊ የክትባት ዘመቻ ቢያስብበት ከእኛ ሰፈር አልፎ ለከተማው ሁሉ ይተርፋል።

ዘንድሮ ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሳምንት ገብተዋል። ከፊሎቻችን ለኪዳን ጎሕ ሳይቀድ እንወጣለን፤ ከፊሎቻችን ከተራዊሕ ማታ እንመለሳለን፤ ሁላችንም የምናልፈው በዚያ በር ነው። ስለዚህ ትእዛዙ ጾሞቹ ሳይፈቱ እንዲሰጥልን፣ ለዚህ አቤቱታም ተቀባይነት ቢያገኝም ባያገኝም በጽሑፍ መልስ እንዲሰጠን በማክበር እንጠይቃለን። ጎረቤታችን ባሉበት ቀርበን ቃላችንን እንድናስረዳ ብንጠራ በማንኛውም ሰዓት ዝግጁ ነን።

ከታላቅ አክብሮት ጋር
ፈራሚ የሰፈሩ ነዋሪዎች

አባሪ፦ የፈራሚዎች ዝርዝርና አድራሻ፣ የአዛውንቱና የልጁ የሕክምና ማስረጃ፣ የሽማግሌዎች ቃለ ጉባኤ

ግልባጭ፦ ለጎረቤታችን፣ እንዲያውቁት