ፀሐይና የክፍላችን ፎቶግራፍ

በየዓመቱ በዚህ መጽሔት የሚወጡትን ፎቶግራፎች ስመለከት አንድ አሳብ ይመላለስብኛል። በአንዳንዶቹ ላይ ክብ ክብ የብርሃን ጠብታዎች በተማሪዎች ፊት ላይ ተደርድረው ይታያሉ፤ በሌሎቹም ላይ ነጭ ጉም የመሰለ ነገር ሥዕሉን ሸፍኖ ሰማያዊውን ዩኒፎርም አመድማ ያስመስለዋል። ብዙ ሰው ጥፋቱን በካሜራው ያመካኛል። እኔ ግን የአንሺው አቋቋም ነው ባይ ነኝ።

ሌንስ የሚባለው ብዙውን ጊዜ አንድ መስተዋት ሳይሆን የብዙ መስተዋቶች ድርድር ነው። ቅብ የሌለው መስተዋት በእያንዳንዱ ገጹ ላይ ከሚያርፈው ብርሃን ከመቶ 4 እጅ ያህሉን መልሶ ያነጥራል። ይህም ብርሃን በመስተዋቶቹ መካከል ወዲያና ወዲህ ሲመላለስ ቆይቶ ባልተጠራበት ቦታ ሥዕሉ ላይ ያርፋል። በ1935 እ.ኤ.አ. በጀርመን አገር በዛይስ ኩባንያ ይሠራ የነበረው አሌክሳንደር ስማኩላ ይህን ነጸብራቅ የሚቀንስ ስስ ቅብ ሠራ። ቢሆንም ፀሐይ በቀጥታ ስትገባ የዛሬውም ቅብ ፈጽሞ አይከላከላትም።

መከላከያው ገንዘብ አይጠይቅም። ጧት ፀሐይ ዝቅ ብላ ሳለች አንሺው ጎኑን ይስጣት፤ ጀርባውን ከሰጣት ተሰላፊዎቹ ዓይናቸውን ይጨፍናሉና። ቦታ መለወጥ ካልተቻለ በመዳፉ ወይም በደብተር ሌንሱን ያጥላ። በሌንሱ ፊት ተጨማሪ መስተዋት ተገጥሞ እንደ ሆነ ያውልቀው። የስልክ ካሜራማ ከሁሉ አስቀድሞ በንጹሕ ጨርቅ መወልወል አለበት፤ ከምሳ በኋላ የሚነሡት ሥዕሎች ለምን እንደሚደበዝዙ ሁላችንም እናውቃለን!

በሲኒማ ይህን ጨረር ሆን ብለው የሚፈልጉት አሉ። ለእኛ ግን ፊት ይበልጥብናል።

አንዴ ከተበላሸ በኋላስ? ጉሙን በኮምፒዩተር ማሳሳት ይቻላል፤ ይህን አልቃወምም። ሰማይ ላይ ያረፈች ጠብታም ብትጠፋ ማንንም አትጎዳ። ፊት ላይ ያረፈችው ግን ሌላ ነገር ናት። ፕሮግራሙ ከሥሯ የነበረውን አያውቅም፤ ከዙሪያዋ ገምቶ ይሞላል። የአንድ ጓደኛዬ ፎቶግራፍ እንዲህ ታርሞ ሲመጣ ከልጅነቱ ጀምሮ በጉንጩ ላይ ያለው ጠባሳ የለም። እናቱ አገላብጠው አዩትና «ይኸ ደግሞ የማን ልጅ ነው?» አሉ። ወላጆች በሳሎን ግድግዳ ላይ የሚሰቅሉት በግምት የተሠራ ጉንጭ ከሚሆን ሥዕሉ ከነጠብታው ቢታተም እመርጣለሁ።

ስለዚህ የመጽሔታችንን አዘጋጆች የምለምነው፣ የዘንድሮው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፎቶግራፍ በሚነሣበት ጧት ደብተር የያዘ አንድ ረጅም ተማሪ ከአንሺው አጠገብ እንዲያቆሙልን ነው።