የሐረሯ ልጅ



ባለፈው ሳምንት በማታው ትምህርት አንዲት እናት ጠየቁኝ። «ልጄ ፍየል ትጠብቃለች። ትምህርት ቤት ላስገባት ብል አባቷ እንቢ አለ። ሴት ልጅ ብትማር ምን ትሆናለች ይላል» አሉኝ። ያን ማታ ደህና መልስ አልሰጠሁም። ዛሬ ልሞክር።

ቤተልሔም ደሴ የምትባል ሴት አለች። የተወለደችው በፈረንጅ አቆጣጠር በ1999 ሐረር ከተማ ነው። አባቷ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ሱቅ ነበራቸው። 9 ዓመት ሲሞላት ልደቷን ልታከብር ገንዘብ ጠየቀቻቸው። በዕለቱ ገንዘብ አልነበራቸውም። ልጅቱም እዚያው ሱቅ ውስጥ ሥራ ጀመረች። በኮምፒዩተር የደንበኞችን ቪዲዮ ታስተካክላለች፤ በስልካቸው ላይ ዘፈን ትጭናለች። ትምህርቷ ከዚያ ጀመረ።

ኮምፒዩተር ምንድን ነው? የታዘዘውን ብቻ የሚሠራ መኪና ነው። እናንተ ልጃችሁን «ፍየሎቹን ውኃ አጠጪ» ብትሏት ይበቃታል። ጉረኖውን ትከፍታለች፣ ትቆጥራለች፣ ወደ ወንዝ ትነዳለች። ኮምፒዩተር ግን ይህን በራሱ አያውቅም። «ጉረኖውን ክፈት። ቁጠር። አንድ ከጎደለ ተመለስና ፈልግ። ካልጎደለ ንዳ» ተብሎ በተራ ሊጻፍለት ይገባል። «ክፈት» የሚለው ከተረሳ የተዘጋ ጉረኖ ውስጥ ያለ ፍየል ልንዳ ይላል! እንዲህ በተራ የተጻፈ ትእዛዝ ፕሮግራም ይባላል። ፕ-ሮ-ግ-ራ-ም። ቃሉ ለአፍ ይከብዳል፤ ደጋግማችሁ አንብቡት።

እኔ ኮምፒዩተር የነካሁት ዩኒቨርሲቲ ስገባ ነው። እናንተ መጀመሪያ እርሳስ ስትይዙ እጃችሁ እንደተንቀጠቀጠ የእኔም ተንቀጥቅጧል።

ቤተልሔም ገና በልጅነቷ ፕሮግራም መጻፍ ያዘች። ከሠራቻቸው አንዱ ለመስኖ የሚሆኑ ወንዞችን በካርታ የሚያሳይ ነው፤ ለመንግሥት የተሠራ። ተከዜ በአጠገባችን እየፈሰሰ ማሽላችን ለሚደርቅብን ለእኛ ይህ የከተማ ጨዋታ አይደለም።

ኋላ አዲስ አበባ፣ በ2013 የተቋቋመ አይኮግ ላብስ የሚባል ድርጅት ውስጥ ሠራች። እኔን የገረመኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ያወቀችውን ይዛ አልተቀመጠችም። ልጆችን፣ በተለይም ሴቶች ልጆችን፣ ፕሮግራም መጻፍ ማስተማር ሥራዋ አደረገችው። የሥራው ስም በአማርኛ ሲፈታ «ማንም ኮድ መጻፍ ይችላል» ማለት ነው። ኮድም ያው ለኮምፒዩተር የሚጻፈው ትእዛዝ ነው።

መኪናው ራሱ ያስተምራል የሚሉም አሉ። በ2012 አንድ የውጭ ድርጅት ትምህርት ቤት በሌለባቸው ሁለት መንደሮች፣ በወንጪና በወለንጪቲ በኩል፣ ለልጆች በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ታብሌት ያለ አስተማሪ ሰጠ። ታብሌት ጠፍጣፋ ኮምፒዩተር ነው። ልጆቹ ራሳቸው ከፍተው፣ በሁለት ሳምንት የፊደል ዘፈን መዝፈን ጀመሩ ሲል ድርጅቱ ተናገረ። ልጆቹ ብልህ እንደነበሩ አልጠራጠርም። ግን የዘፈኑት የእንግሊዝ ፊደል ነው! ሀ ሁ ሂ ሃ ማንን ይጠብቃል? የእኛ ፊደል የዓለም ኮምፒዩተሮች ሁሉ በጋራ በሚጠቀሙበት የፊደል መዝገብ የገባው ቤተልሔም በተወለደችበት በ1999 ነው። ፊደሉ እዚያ አለ። የሚጽፍበት ሰው ነው የሚያስፈልገው።

እናቴ፣ ልጅዎ ፕሮግራም ጸሐፊ ትሆናለች ብዬ አልምልም። ቤተልሔም ሱቅ ነበራት፤ ኮምፒዩተር ነበራት። የእርስዎ ልጅ ያላት ጉረኖ ነው። ግን ቆጥራ ታውቃለች፤ የጎደለውን ታውቃለች።

አባቷ ገና ፊደል አልጀመሩም ብለውኛል። እንግዲያው ይህን ገጽ ማታ እርስዎ ያንብቡላቸው። የከበደዎት ቃል ካለ ከሥሩ ያስምሩበት። ቅዳሜ ስመጣ እናየዋለን፤ አባቷም ቢቀመጡ ደስ ይለኛል።