ስለ ቶሮንቶ ከተማ የመግነጢስ ሠረገላ

የአንድ ከተማ ሕዝብ ሲበዛ መንገዱ ይጠባል፤ መንገዱም ሲጠብ ሠራተኛው ከሥራው፥ ነጋዴው ከገበያው፥ በሽተኛውም ከሐኪሙ ዘንድ በጊዜ ለመድረስ ይቸገራል። ስለዚህ የሕዝብ መጓጓዣ የሚሻሻልበትን መንገድ መፈለግ የመልካም አስተዳደር ሥራ መሆኑ አያጠራጥርም። ነገር ግን የሚጠቅመውን መሻትና አዲስ የሆነውን ሁሉ መከተል የተለያዩ መሆናቸውን በካናዳ አገር በቶሮንቶ ከተማ የሆነው ነገር ያስረዳል።

በአውሮፓ አቆጣጠር በ1971 ዓ.ም. የኦንታርዮ ጠቅላይ ግዛት መሪ ቢል ዴቪስ ወደ ከተማው መካከል ሊዘረጋ የታሰበውን የስፓዳይና የመኪና ጎዳና አስቆሙ። ጎዳናው ከቀረ ለሕዝቡ ምትክ ማዘጋጀት ግድ ሆነ። የምድር ውስጥ ባቡር ብዙ ገንዘብ ይፈጃል፤ አውቶቡስም በመንገዱ መጨናነቅ ይዘገያል። ስለዚህ በሁለቱ መካከል የሚሆን መጓጓዣ እንዲሠራ በ1972 ዓ.ም. ዕቅድ ወጣ፤ በማግሥቱም ዓመት የሙኒኩ ኩባንያ ክራውስ ማፋይ ተመረጠ። ይህ ኩባንያ ያቀረበው ሠረገላ ነጂ የሌለው፥ በመግነጢስ ኃይል ከመሥመሩ ከፍ ብሎ የሚሄድ ነበር። በከተማው የትርዒት ስፍራም የመፈተኛ መሥመር ሥራ ተጀመረ።

ነገር ግን ሠረገላው ከአንዱ መሥመር ወደ ሌላው ሲሻገር ችግር የሚያመጣ ሆነ። ከዚህም የሚብሰው ድካም የገንዘቡ ምንጭ ነበር፤ የፈጠራውን ወጪ ይረዳ የነበረው የምዕራብ ጀርመን መንግሥት በ1974 ዓ.ም. ርዳታውን ባቆመ ጊዜ የቶሮንቶ ዕቅድ አብሮ ወደቀ። የሰው ወርቅ አያደምቅም የተባለው እንዲህ ላለው ነገር ነው።

ይሁን እንጂ ጠቅላይ ግዛቱ አሳቡን ፈጽሞ አልተወም። ባቋቋመው ኩባንያ አማካይነት በብረት መንኰራኵር የሚሄድ፥ በመግነጢስ ኃይል ግን የሚገፋ ባቡር አሠራ። ለስካርቦሮ ሰፈር አስቀድሞ የታሰበው ተራ የከተማ ባቡር ሳለ፥ በጠቅላይ ግዛቱ ግፊት ይህ አዲሱ ተተክቶ በ1985 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። መሥመሩ አጭርና ለብቻው የተለየ ስለ ነበረ፥ ወደ መካከለኛው ከተማ የሚሄደው ሰው ከመንገድ ወርዶ ሌላ ባቡር ይይዝ ነበር፤ በክረምትም በረዶው ያስቸግረው ነበር። በመጨረሻም በጁላይ 2023 ዓ.ም. አንድ ፉርጎ ከሐዲዱ ወጥቶ ሰዎች ስለ ተጎዱ መሥመሩ ተዘጋ፤ ሕዝቡም ወደ አውቶቡስ ተመለሰ።

ሆኖም ጥፋቱን ሁሉ በመሣሪያው ላይ መጫን ትክክለኛ ፍርድ አይደለም። በዚያው በካናዳ የቫንኩቨር ከተማ ይህንኑ ዓይነት ባቡር በ1986 ዓ.ም. ሥራ አስጀምራ፥ መሥመሩን እያስረዘመች ከሰፈር ወደ ሰፈር ስላገናኘችው ለብዙ ሕዝብ ጠቅሟል። ልዩነቱ መሣሪያው ከከተማው ፍላጎት ጋር በመስማማቱና ባለመስማማቱ ነው።

እንግዲህ ለሕዝብ ሥራ ኃላፊ የሆነ ሁሉ አዲስ መሣሪያ ሲቀርብለት፥ በሌላ ስፍራ ተፈትኖ እንደ ሆነ፥ ገንዘቡ ቢቋረጥ ማን እንደሚተካው፥ ሲበላሽ ማን እንደሚጠግነው፥ መንገደኛውንም ከቤቱ እስከ ሥራው ያደርሰው እንደ ሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባዋል። እነዚህ ጥያቄዎች ከውሉ በፊት ቢጠየቁ ዋጋቸው ትንሽ ነው፤ ከውሉ በኋላ ሲጠየቁ ግን ዕዳውን የሚከፍለው በፌርማታ ቆሞ የሚጠብቀው ሕዝብ ነው።