ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም!

አዲስ አበባ ውስጥ ተከራይቼ የምኖርበት ግቢ ባለቤት፣ እትዬ ነው የምላቸው፣ አንዲት የብስኩት ቆርቆሮ አለቻቸው። የውሉም፣ የግብሩም፣ የመብራቱም ወረቀት ያለው እዚያች ውስጥ ነው። ሰሞኑን ለአንድ ጉዳይ ወረዳ ተመላልሰው «ፋይልዎ አልተገኘም» ተባሉና ተናደው መጥተው ቆርቆሯቸውን ዘረገፉት። አራት መታወቂያ ወጣ። የደርግ ጊዜው «ከፍተኛ» እና «ቀበሌ» ይላል። ቀጥሎ ያለው «ክልል 14፣ ወረዳ፣ ቀበሌ»። ሦስተኛው «ክፍለ ከተማ፣ ቀበሌ»። የመጨረሻው ደግሞ «ክፍለ ከተማ፣ ወረዳ»። ሴትዮዋ ግን በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ከዚያች ግቢ ንቅንቅ አላሉም።

«እዚሁ ቁጭ ብዬ አራት አገር ዞርኩ» አሉኝ።

«ለመሆኑ እትዬ፣ አንድ ቀን እንኳ ‹ወረዳዎ እንዲህ ቢሆን ምን ይላሉ?› ብሎ የጠየቀዎት ሰው አለ?»

«ስብሰባ ጠርተው ነገሩን እንጂ መች ጠየቁን ልጄ!»

የዛሬው ነገሬ የሚነሣው ከዚህች ቆርቆሮ ነው። አዲስ አበባ ስንት ጊዜ ፈርሳ ተዋቀረች? ስንት ጊዜስ ታፔላዋና ማኅተሟ ተለወጠ? አንድ ነገር ግን ሳይለወጥ ኖሯል። ከተማዋን ማን ይሹም፣ ማንስ ይሻር የሚለው ጥያቄ የነዋሪው ሆኖ አያውቅም። በወረቀት ሆኖ ሲገኝ እንኳ በተግባር ተነጥቋል።

ወደ ኋላ እንመለስ። ሐምሌ 1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ፣ የከተማ ቀበሌ በዚያው አዋጅ ተወለደ። ነዋሪው መሪዎቹን ይመርጥ ነበር፣ ቀበሌው ፍርድ ሸንጎ ነበረው፣ የአነስተኛ ቤቶችንም ኪራይ ይሰበስብ ነበር። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። ብዙም ሳይቆይ ግን ያው ቀበሌ ጠመንጃ ታጠቀና በቀይ ሽብር ዘመን የሰፈሩን ልጆች የሚያሥር ሆነ። ለነዋሪው የተሰጠ የመሰለው ሥልጣን ከላይ በመጣ ትእዛዝ ዞሮ ነዋሪውን በላው።

ኢሕአዴግ ሲገባ ከተማዋ ክልል 14 ተባለች፤ በ28 ወረዳም ተከፈለች። በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 49 የአዲስ አበባ ነዋሪ ራሱን በራሱ የማስተዳደር ሙሉ ሥልጣን አለው አለ። እዚያው ላይ ቀጥሎ ደግሞ አስተዳደሩ ተጠሪነቱ ለፌዴራል መንግሥት ነው አለ። ጨዋታው ሁሉ ያለው በእነዚህ ሁለት መስመሮች መካከል ነው። በአንድ እጅ ሰጥቶ በሌላው እጅ ገመዱን መያዝ ማለት ይኸው ነው!

በ1989 ቻርተር ወጣላት። በ1995 የከንቲባ ዓሊ አብዶ አስተዳደር ተነሣና አቶ አርከበ ዕቁባይ የሚመሩት ጊዜያዊ አስተዳደር ተተካ። በዚያው ጊዜ የቀድሞዎቹ ወረዳዎች ቀርተው 10 ክፍለ ከተማ ተዋቀረ፤ ቻርተሩም በአዋጅ ቁጥር 361/1995 እንደገና ተሻሻለ። እውነት ለመናገር በአቶ አርከበ ጊዜ መንገድ ተሠርቷል፣ የኮንዶሚኒየም ግንባታ ተጀምሯል። ሥራው አይካድም። ነገር ግን ሰውየውን የሾማቸው ነዋሪው ስላልነበረ ቢወዳቸው ሊያቆያቸው፣ ቢጠላቸው ሊያወርዳቸው አይችልም ነበር።

ሕዝቡ የልቡን የተናገረው ግንቦት 7 ቀን 1997 ነው። ከ138ቱ የከተማው ምክር ቤት ወንበሮች 137ቱን ቅንጅት አሸነፈ። እኔ ያን ጊዜ ሞጣ ተማሪ ነበርኩ፤ ወሬውን ከሬዲዮ ስር ተሰብስበን ነው የሰማነው። የሆነውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አሸናፊው ወንበሩን ሳይረከብ መሪዎቹ በጥቅምት 1998 ታሠሩ። በዚያው ዓመት ከተማዋ ለባላደራ አስተዳደር ተሰጠች። ነዋሪው ባለቤት ነኝ ብሎ ድምፁን በሰጠ ማግሥት ከተማው ባላደራ ተሾመበት!

ከዚያ ወዲህም መዋቅር መቀያየሩ አልቆመም። በ2003 «ቀበሌ» የሚለው ቀርቶ ከተማዋ 116 ወረዳ ሆነች። በ2010 ቻርተሩ ተሻሽሎ የምክር ቤት አባል ያልሆነ ሰው ከተማዋን እንዲመራ ተፈቀደ። በዚያው ዓመት መደረግ የነበረበት የአካባቢ ምርጫ ተራዘመ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ለሚ ኩራ 11ኛ ክፍለ ከተማ ሆኖ ተጨመረ። በነሐሴ 2014 የአዲስ አበባና የኦሮሚያ ወሰን በሁለቱ አስተዳደሮች ስምምነት ተሠመረ፤ በ2015 ደግሞ በዙሪያው ያሉት ከተሞች ተጠቃለው ሸገር ከተማ ተመሠረተ።

እዚህ ላይ ፍርደ ገምድል መሆን አልፈልግም። የኦሮሚያ ልዩ ጥቅም እዚያው አንቀጽ 49 ውስጥ የተጻፈ ነው። ከተማዋ ስትሰፋ መሬቱን የተነጠቀው የዙሪያው ገበሬም ማንም አልጠየቀውም። ስለዚህ ነገሩ የአንዱ ብሔር በሌላው ላይ አይደለም። ለኮንዶሚኒየም ለዓመታት የቆጠበው የከተማ ሰውም፣ ማሳውን ያጣው ገበሬም በአንድ ሰልፍ የቆሙ ናቸው። ሁለቱም ውሳኔውን የሰሙት ካለቀ በኋላ ነው።

ይህ የአዲስ አበባ በሽታ ብቻ እንዳይመስላችሁ ወደ አገሬ ልውሰዳችሁ። ሞጣ በንጉሡ ጊዜ የአውራጃ ከተማ ነበረች። የአውራጃ ከተማ መሆን ቀላል ነገር አልነበረም፤ ዳኛው እዚያ፣ ገዢው እዚያ፣ አቤት ባይም እዚያ። ከዚያ በደርግ መጨረሻ ጎጃም ተከፋፈለ። ኢሕአዴግ ሲመጣ አውራጃ የሚባለው ጨርሶ ቀረና ሞጣ የሁለት እጁ እነሴ ወረዳ ከተማ ሆነች፤ የዞኑ ጉዳይ ደብረ ማርቆስ ሄደ። ይህ ሁሉ ሲሆን የሞጣ ሰው ምን ተባለ? ምንም!

ሕዝብ ካልተጠየቀ ምን እንደሚመጣ ደግሞ ሞጣን ያህል የሚያውቅ የለም። በ1960 የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ ገበሬው ርስቴን ሊወስዱብኝ ነው ብሎ ሠጋ። የሚያነጋግረው ገዢ ግን አልነበረም። ጠቅላይ ገዢው ደጃዝማች ጸሐዩ እንቁ ሥላሴ ከአዲስ አበባ የተሾሙ ነበሩና ዓይናቸውም ወደ አዲስ አበባ ነበር። ሞጣም፣ ቢቸናም፣ ዳሞትም ሸፈተ። ጦር ዘመተበት፣ አውሮፕላን ቦምብ ጣለበት። በመጨረሻ ምን ሆነ? ገዢው ተነሡ፤ ንጉሡም ራሳቸው ጎጃም ድረስ መጥተው ውዝፉን ግብር ማሩ። ይህ ሁሉ ደም ከመፍሰሱ በፊት ገበሬውን ቁጭ አድርጎ ማነጋገር ምን ያስከፍል ነበር?

«በሠለጠነውም ዓለም መንግሥት መዋቅር ያፈርሳል» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው፣ ያፈርሳል። እ.ኤ.አ. በ1986 የማርጋሬት ታቸር መንግሥት የታላቋን ለንደን ምክር ቤት አፈረሰው። ምክር ቤቱ በተቃዋሚዎቿ በሌበሮች እጅ ነበር። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1998 የለንደን ሕዝብ ተጠየቀና ከንቲባ እንፈልጋለን ብሎ ድምፅ ሰጠ። በ2000 ከንቲባውን በቀጥታ መረጠ። የመረጠውስ ማንን ነው? ያ የፈረሰው ምክር ቤት መሪ የነበረውን ኬን ሊቪንግስተንን! ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። እዚያም መንግሥት ይበድላል፤ የተበደለው ከተማ ግን በካርድ ይመልሰዋል።

«ከተማዋ ሰፋች፣ አሥር ሰው የሚሠራውን መቶ ሰው መሥራት አለበት፣ አገልግሎቱ ወደ ነዋሪው መቅረብ አለበት» ይሉናል። ይቅረብ! ማን ጠላ? የወረዳው ጽሕፈት ቤት ከግቢያችን በር በእግር አምስት ደቂቃ ነው። ቀርቧል። የእትዬ ፋይል ግን አልተገኘም። ለምን? የወረዳው ሹም የሚፈራው ከበላይ ያለውን ሹም እንጂ እትዬን ስላልሆነ ነው። እትዬ ሊያወርዱት አይችሉማ! ሰኔ 2013 የአዲስ አበባ ነዋሪ ተሰልፎ ሲመርጥ የተሰጠው ወረቀት የተወካዮች ምክር ቤትና የከተማው ምክር ቤት ነበር። በየቀኑ የሚያንገላታውን ወረዳ የሚመርጥበት ወረቀት ግን አልነበረበትም።

እንግዲህ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። አንደኛ፣ ከተማን የሚመራ ሰው ነዋሪው የመረጠው ይሁን፤ ከምክር ቤት ውጪ የሚመጣ ተሿሚ ይቅር። ሁለተኛ፣ የወረዳ ምርጫ ጊዜውን ጠብቆ ይደረግ፤ ወረዳውም በራሱ በጀት የሚያዝ፣ ለመራጩ መልስ የሚሰጥ ይሁን። ሦስተኛ፣ ወሰን ሲለወጥ፣ መዋቅር ሲፈርስና ሲሠራ፣ በውስጡ የሚኖረው ከተሜም ገበሬም አስቀድሞ ድምፁን ይስጥ። ይህን ያልኩት እኔ ብቻ አይደለሁም። የዚያው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 50 ለታችኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ፣ ሕዝቡም በቀጥታ እንዲሳተፍ ያዛል። ለአዲስ አበባ ብቻ አይደለም፤ ለሞጣም፣ ለቢቸናም ነው።

ይህ እስካልሆነ ድረስ አዲስ መዋቅር መጣ ሲባል አንጨብጭብ። እትዬ ቆርቆሯቸውን ሲከድኑ «ለአምስተኛው መታወቂያ ቦታ አለው» አሉኝ። መታወቂያው አምስትም ይሁን ስድስት፣ ወንበሩ የነዋሪው ካልሆነ ያው ጉልቻ መቀያየር ነው።

ልብ ያለው ልብ ይበል!